ከጆሮ ሥር ያለችው ዓይን

ሠዓሊ ገሪማ ካረጀ በኋላ፣ ሥዕሎቹ በአዲስ አበባ አዳራሾች መሰቀል ከጀመሩ ወዲህ፣ የተማሩ ሰዎች መነጽራቸውን እያስተካከሉ የሚጠይቁት አንድ ጥያቄ ነበር። በየሥዕሉ ውስጥ፣ ሰው ይሁን በሬ፣ እንሰት ይሁን የቡና ዛፍ፣ አንዲት ጠማማ ዓይን ያለ ቦታዋ ተሰክታ ትገኛለች። «ይህቺ ዓይን የሕልም ናት? የነፍስ ናት? ከየትኛው የፈረንጅ ትምህርት ያገኟት ናት?» ይሉታል። እሱም ሳቅ ብሎ «ዓይንን እንዲህ አጣምሞ መሣል ያስተማረኝ አንድ የዲላ ጨው ነጋዴ ነው» ይላቸዋል። ቀልድ መስሏቸው ይስቃሉ። ቀልድ ግን አልነበረም።

ነገሩ የሆነው በ1931 ዓ.ም. ነው፤ ጣሊያን ዲላን ከያዘ ሁለት ዓመት አልፎታል። ያን ጊዜ ሰው ሰላምታ የሚሰጠው ግራ ቀኙን አይቶ ነበር። «እንዴት አደርክ?» ያለህ ሰው ካለ «ምን ፈልጎ ነው?» ስትል ትውላለህ። ሁለት ሰዎች ቆመው ሲያወሩ ሦስተኛው ከደረሰ ወሬው ወዲያው ወደ ዝናብ ይዞራል። ዲላ ደግሞ ዝናብ አታጣም፤ ስለዚህ ወሬ አልቸገራቸውም።

ገሪማ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። አባቱ የሞተው እሱ ገና የአራት ዓመት ልጅ ሳለ ነው። እናቱ ወይዘሮ ሙሉነሽ ሐዘኗን ከጨረሰች በኋላ ጉግሳ የሚባል፣ ከሸዋ የመጣ የጨውና የአቡጀዴ ነጋዴ አገባች። ጉግሳ ወፍራም፣ ሲናገር ድምፁ የማይሰማ፣ የራሱ ልጅ የሌለው ሰው ነው። ገሪማን በሰባት ዓመቱ እጁን ይዞ ወስዶ ለቤተ ክርስቲያኑ ሠዓሊ ለአለቃ ተክለማርያም ሰጠው። ልጁ ቀለም መፍጨት ጀመረ፤ ከዚያ የመላእክት ክንፍ መቀባት፣ ከዚያ እጅና እግር፣ በመጨረሻ ፊት።

አለቃ ስለ ፊት ቀልድ አያውቁም። «ጻድቅ ፊት ለፊት ነው የሚሣለው፤ በሁለት ዓይኑ ያይሃል» ይላሉ፤ «ከሐዲ ግን በጎን ነው፤ አንድ ዓይን ብቻ ነው ያለው። ይሁዳን ሁለት ዓይን ሰጥተህ የሣልክለት ቀን እጅህን እቆርጠዋለሁ።» ይህን ሕግ የሚያውቁት ሠዓሊዎች ብቻ አልነበሩም። ሀ ሁ ያልቆጠረ ገበሬ እንኳ የቤተ ክርስቲያኑን ግድግዳ ቀና ብሎ ሲያይ ማን ታማኝ፣ ማን ከሐዲ እንደሆነ ሳይጠይቅ ይለያል።

ገሪማ ግን ከትንሽነቱ ጀምሮ ነገር ማደባለቅ ይወድ ነበር። በዘጠኝ ዓመቱ ዮናስን የዋጠውን ዓሣ ሣል ቢባል ክንፉን የእንሰት ቅጠል፣ ዓይኑን የበሰለ ቡና አደረገለት። አለቃ በብሩሹ እጀታ ጣቱን መቱት። «ዓሣ ቅጠል አያበቅልም!» ልጁ እያለቀሰ ወረቀቱን ይዞ ቤት ገባ። ጉግሳ ሥዕሉን አይቶ እንባው እስኪፈስ ሳቀና ከሱቁ ግድግዳ ላይ፣ ከጨው ክምሩ በላይ ሰቀለው። «እኔ ዓሣ አይቼ አላውቅም» አለ፤ «ቢያበቅልስ ማን ያውቃል?»

በ1931 መስከረም ላይ ሲኞር ቫኒ የሚባል የመንገድ ንድፍ አውጪ ከጣሊያን ጽሕፈት ቤት አጠገብ፣ በአንዲት ቆርቆሮ ክዳን ክፍል ውስጥ የሥዕል ትምህርት ቤት ከፈተ። ረጅም፣ እርሳስ ከጆሮው የማይለይ፣ አስመራ ላይ የለመደውን አማርኛ የሚሰባብር ሰው ነው። ስድስት ተማሪ ያዘ። ገሪማ የመጀመሪያው ነበር። በአለቃ ሥዕል ውስጥ ማንም ጥላ የለውም፤ ቫኒ ግን ከአንድ ብርጭቆ ሥር ጥላ አውጥቶ ሲያሳየው ልጁ ልቡ ጠፋ። አለቃ ሲሰሙ ፊታቸውን አጨፈገጉ። «ጣሊያን ለአንተ ብሎ ነው እርሳስ በመርከብ ጭኖ የመጣው? እንጃልህ!» አሉት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ገሪማ በገበያ ሲያልፍ ሰው ድምፁን ዝቅ ማድረግ ጀመረ።

የመጀመሪያው የቤት ሥራ ቀላል ነበር። «ዓይን ያስታውሳል ወይ? እኔ ማየት እፈልጋለሁ» አለ ቫኒ። «ዘመድ ቤት መሄጃ መንገድ፣ ከራስ አውጥቶ መሣል።» ገሪማ ቡሌ የምትኖረውን የአክስቱን የማሚቱን ቤት መንገድ ሣለ። ወንዙን፣ ትልቁን ዝግባ፣ በእንሰቱ መካከል የሚያልፈውን አቋራጭ፣ በልጅነቱ ከዝናብ የተጠለለባትን ዋሻ፣ የዋሻዋን አፍ የሸፈነውን ሣር ሳይቀር። ቫኒ ትከሻውን መታ መታ አድርጎ «ብራቮ!» አለውና ወረቀቱን አስቀመጠው። ገሪማ ያን ቀን ደስታውን አልቻለውም።

ኅዳር ሲገባ ቡሌ አካባቢ በዱር ከቀሩት አርበኞች ሁለቱ ተያዙ። በመኪና ተጭነው ወደ ይርጋለም ተወሰዱ፤ በዚያው ቀሩ። አንደኛው ቅቤ ይዛ ዲላ ገበያ የምትወርደው የወለላ ታናሽ ወንድም ነበር። ከተማው ታመሰ። ማን ጠቆመ? ጠቋሚ መኖሩን ማንም አልተጠራጠረም፤ የተጠራጠሩት ስሙን ብቻ ነው። ጎረቤት ከጎረቤት፣ ወንድም ከወንድም ሆድና ጀርባ ሆነ።

ገሪማም ጠረጠረ። የጠረጠረው ደግሞ ጉግሳን ነው። ጉግሳ ዓርብ ዓርብ ባርኔጣውን አውልቆ ወደ ጣሊያን ጽሕፈት ቤት ይገባል። አርበኞቹ ከተያዙ ወዲህ እራት አይበላም። ከሱቁ ኋላ ያለችውን ጓዳ ቆልፎ ቁልፉን አንገቱ ላይ አንጠልጥሏል። እንግዳ ሲመጣበት ወደዚያች ጓዳ ይዞት ይገባል፤ ገሪማ ከደረሰ ሁለቱም ስለ ዝናብ ያወራሉ። እውነቱን ለመናገር፣ በአባቱ ወንበር የሚቀመጥን ሰው መጠርጠር ለገሪማ አልከበደውም። የዓሣውን ሥዕል ማን እንደሰቀለለት ረስቶት ነበር። ሰው ክፉ ሲጠረጥር ደግ ደጉን ይረሳል፤ እሱም ከሰው የተለየ አልነበረም።

ታኅሣሥ ላይ ቫኒ ስለ ፊት ማስተማር ጀመረ። በፈረንጅ ሥርዓት ጀማሪ የሚለማመደው በጎን ነው፤ ግንባር፣ አፍንጫና አገጭ ለመለካት ስለሚመች። ገሪማ በመጀመሪያው ሳምንት ጉግሳን እንደለመደው ፊት ለፊት ሥሎ ወሰደ። ቫኒ «አይደለም፣ በጎን!» ብሎ መሳቢያ ውስጥ ወረወረበት። በሁለተኛው ሳምንት ሱቅ ተቀምጦ፣ ጉግሳ ጨው ሲመዝን በጎን ሣለው። ሥዕሉ ነፍስ ነበረው። ጉንጩ፣ የታጠፈው አገጩ፣ ሚዛኑ ላይ ያፈጠጠችው አንዷ ዓይን ሁሉም ልክ ነበር። ለምን ከቤቱ ሰው ሁሉ መርጦ እሱን ሣለ? ኋላ ይህን ጥያቄ ራሱን ብዙ ጊዜ ጠይቋል።

ቫኒ በሥዕሉ ኮራ። ቅዳሜ፣ ገበያው ሲደምቅ፣ የስድስቱን ተማሪዎች ሥራ ከትምህርት ቤቱ ደጃፍ በሳንቃ ላይ አሰቀለ፤ የአገሩ ልጆች የተማሩትን ሕዝቡ ይይ ብሎ ነው። አንድ አስካሪ፣ የጣሊያን ቅጥር ወታደር፣ ዘብ አቆመና እሱ ምሳውን በልቶ ሊተኛ ሄደ።

ሕዝቡ የማን ፊት እንደሆኑ የማይለዩትን አምስቱን ሥዕሎች በዓይኑ ገርመም እያደረገ አለፈ። ስድስተኛው ላይ ሲደርስ ይቆማል። ይቆማል፣ ምንም አይናገርም፣ ይሄዳል። አንድ ሽማግሌ አማተቡ። አንዲት ሴት በነጠላዋ አፏን ያዘች። ገሪማ ጥግ ላይ ቆሞ የሚያየው ሁሉ አድናቆት መሰለውና ደረቱ በኩራት ተነፋ። ሞኝ ነበር፤ ሞኝነቱ ደግሞ ብዙ አልቆየለትም።

ወለላ መጣች። አማርኛን በገበያ የለመደች፣ ሲቸኩላት የምትሰባብረው የሠላሳ ዓመት ሴት ናት። ክርስትና ከተነሣች ወዲህ ገበያ በወረደች ቁጥር ቤተ ክርስቲያን ሳትሳለም አትመለስም። በአጠገቡ ቆማ የቅቤዋን መጠቅለያ እንደምታስተካክል ሁሉ ፊቷን ወደ ሌላ አዞረች።

«አየን። ገባን» አለችው በቀስታ።

«ምኑ?»

«አንተ እነሱ ጋ ቁጭ ብሎ ሰማህ። በአፍ መናገር አይቻልም፤ በእጅ ነገርከን። ጎበዝ ልጅ ነህ። የወንድሜ ነፍስ ይመርቅሃል።»

«እትዬ ወለላ፣ ምን እያሉ ነው?»

«ጉግሳ አንድ ዓይን ነው። ይሁዳ ነው። እኔም ጠርጥሮ ነበር። አርበኛ ለሆኑት ልጆች ጨው ይዞ ዱር ድረስ የሚመጣ እሱ ብቻ ነው፤ የተደበቁበትን ዋሻ ሌላ ማን ያውቃል? ሰኞ ጨው ይዞ ይወጣል። ዝግባው ጋ ይጠብቁታል። ከዚያ አይመለስም።»

 የተቆለፈችው ጓዳ የአርበኞቹ ጨው ማስቀመጫ ነበረች ማለት ነው። ዓርብ ዓርብ ባርኔጣ አውልቆ መለመኑ ወደ ቡሌ ለመውጣት የይለፍ ወረቀት ፍለጋ ነበር። እራት የማይበላው ስለ ልጆቹ አዝኖ ነበር። ይህ ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ለገሪማ ገባው።

«እትዬ፣ እንደሱ አይደለም! የፈረንጅ ደንብ ነው፤ ሁሉንም በጎን ነው የሚያስሥሉን፤ ሌሎቹን አይዩአቸውም?»

ወለላ ፈገግ አለች። «አዎ፣ አዎ። እንዲህ ማለት አለብህ። ጆሮ ብዙ ነው» አለችና ከሰው ጋር ተቀላቀለች።

በዚያ ዘመን እውነት መናገር እንዲህ ነበር፤ ጮክ ብለህ ብትናገር ፈርተህ ነው ይሉሃል፣ ዝም ብትል ደግሞ አረጋገጠ ይሉሃል።  ለገሪማ መጀመሪያ የመጣለት ሐሳብ መሳቢያ ውስጥ የተወረወረውን፣ ፊት ለፊት የተሣለውን ጉግሳን አውጥቶ በዚህኛው መተካት ነበር። አስካሪው ያውቀዋል፤ አሳለፈው። ገብቶ የቫኒን መሳቢያ ከፈተና ወረቀቶቹን ማገላበጥ ጀመረ።

የጉግሳን ሥዕል አላገኘም። የራሱን ሌላ ወረቀት አገኘ። በገዛ እጁ ጽሕፈት «የአክስቴ የማሚቱ ቤት» ይላል። በወንዙ ጥግ፣ በዝግባው ሥር፣ በእንሰቱ መካከል፣ በእርሳስ የሣላትን አቋራጭ ተከትሎ ቀይ መስመር ተሥሏል። መስመሩ፣ ገሪማ ሣሯን ሳይቀር የሣላት ዋሻ ላይ ሲደርስ፣ በቀይ መስቀል ይቆማል። ከጎኑ በፈረንጅ ቁጥር ቀን ተጽፏል፤ አርበኞቹ የተያዙበት ቀን ነው።

ጠቋሚ አልነበረም። ስድስት ሳምንት ሙሉ ከተማው እርስ በርሱ የተበላበት ጠቋሚ የእሱ እጅ ነበረች።

ገሪማ ወለሉ ላይ ተቀመጠ። አፈረ። ፈራም። ከሁሉ በላይ ግን ጉግሳን እንደ ሌባ ሲከታተለው መክረሙ አንገበገበው። ሰኞ ያ ሰው ጨው ተሸክሞ፣ ላቡን እየጠረገ ዳገቱን ሲወጣ፣ ለልጆቹ ብሎ በሚወጣበት መንገድ ላይ ሊገደል ነው። የሚገደለውም በዚህች እጅ ነው፤ ሁለተኛ ጊዜዋ ነው።

ሥዕሉን ልቅደደው? ቢቀድደው ጣሊያኖች ሰውዬአቸውን ሸሸጉ ይባላል። ጮኬ ልናገር? አስካሪው ይሰማል፤ ሕዝቡም እንደ ወለላ ፈገግ ብሎ ያልፈዋል። ያ ሁሉ ሕዝብ የሚያምነው አንድ ቋንቋ ብቻ ነው፤ እሱም ሳንቃው ላይ ተሰቅሏል። ካርታውን ኪሱ ከተተ፣ ከሰልና አንድ ባዶ ወረቀት አነሣና ወጣ።

ሁለተኛዋን ዓይን ለጉግሳ መመለስ ነበረበት። ግን የት? ፊቱ በጎን ነው፤ ሁለተኛዋ ዓይን በቫኒ ደንብ ከአፍንጫው ወዲያ ናት፣ አትታይም። በአለቃ ደንብ ደግሞ ካልታየች የለችም። ሁለቱ መምህራኑ በአንድ ፊት ላይ ተጣሉ። ገሪማ ትንሽ አሰበና ከጆሮው ሥር፣ ባዶ ጉንጩ ላይ፣ አለቃ እንዳስተማሩት ትልቅ፣ ጥቁር፣ የተከፈተች የጻድቅ ዓይን ሣለለት።

ሰው ሳቀ። አስካሪውም ሆዱን ይዞ ሳቀ። «ይሄ ልጅ ዐበደ!» አለ አንዱ። ወለላ ብቻ አልሳቀችም። ሰዉን ገፍታ ተመልሳ መጣች።

«ዓይኑን ለምን መለስክለት?» አለችው።

 ገሪማ ባዶውን ወረቀት ከጉግሳ ጎን ሰቀለና ራሱን መሣል ጀመረ። ረጅሙን አገጩን፣ ቅንድቡ ላይ ያለችውን ጠባሳ፣ ሁሉም የሚያውቀውን ፊት በጎን ሣለ። አንድ ዓይን ብቻ አደረገለት። ከፊቱ በታች አንድ እጅ ሣለ፤ በእጁ ላይ ወረቀት፤ በወረቀቱ ላይ ወንዝ፣ ዝግባ፣ አቋራጭ፣ ዋሻ። ሳቁ እንደ ገመድ ተቆረጠ። አስካሪው የዲላ ሰው ስላልሆነ ያየው የራሱን መልክ የሚሥል ልጅ ብቻ ነው፤ አዛጋና ወደ ጥላው ተመለሰ።

ወለላ ጣቷን ወረቀቱ ላይ አደረገች። ወንዙን ይዛ ሄደች፣ ዝግባውን አለፈች፣ ዋሻው ላይ ስትደርስ ጣቷ ቆመ።

«አንተ?»

«እኔ። ቤት ሥራ ብሎ አሣለኝ። አላወቅሁም ነበር፣ እትዬ።»

«አላወቅሁም» አለች ቃሉን እንደምትቀምስ ሁሉ። እጇ ነጠላዋ ሥር ገባ። ከኋላ አንድ ሰው ድንጋይ አነሣ።

ያን ጊዜ ጉግሳ ደረሰ። አንድ የሱቅ ጎረቤት ሮጦ ጠርቶት ነው። እያለከለከ የራሱን ፊት አየ፤ ከጆሮው ሥር ያፈጠጠችውን ዓይን አየ፤ ከዚያ የገሪማን። የሆነው ሁሉ ከሁለቱ ወረቀቶች ገባው፤ ለመገደል ተፈርዶበት እንደነበረም ገባው።  መዳፉን ዘርግቶ በሥዕሉ ላይ ያለውን መንገድ ጠረገው፤ ቫኒ ሲመለስ እንዳያየው ነው። ከዚያ ከሰሉን ከገሪማ እጅ ወስዶ ለወለላ ዘረጋላት።

«የሞተው ወንድምሽ ነው፤ ዓይኑን መስጠትም መንሣትም፣ ፍርዱ ያንቺ ነው» አላት በዚያ በማይሰማ ድምፁ። «ግን ያንን መንገድ በልጅነቱ እጁን ይዤ ያሳየሁት እኔ ነኝ። ዋሻዋንም፣ ዝናብ ሲመጣ እዚህ ትገባለህ ያልኩት እኔ ነኝ። ከፈረድሽ በሁለታችን ፍረጂ።»

ወለላ ከሰሉን አልተቀበለችም። የጉግሳንም ፊት አላየችም። ቅቤዋን ሳትሸጥ ተሸክማ ወደ ቡሌ መንገድ ሄደች፤ ከኋላ የቆመውም ሰው ድንጋዩን ጣለ።

ጉግሳ ዘወር ብሎ ከሥዕሉ ፊት ቆመ። በዕድሜው ከፊርማ ምልክት በቀር አንዳች ሥሎ አያውቅም። ምላሱን በጥርሱ ይዞ፣ በገሪማ ጉንጭ ላይ፣ ከጆሮው ሥር፣ አንዲት ጠማማ ዓይን ሣለ። የተጨፈለቀ ባቄላ ትመስል ነበር፤ ወለላም ከመንገዱ መታጠፊያ ዞር ብላ አየቻት። ገሪማ በሕዝብ ፊት ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ።

ቫኒ ከእንቅልፉ ተነሥቶ ሲመጣ በንዴት ቀላ። «ይህ ሰው ነው? ጭራቅ ነው? ሦስት ወር ይህን አስተማርኩ?» እያለ ሁለቱንም ቀደዳቸውና ገሪማን ዳግመኛ ደጄን እንዳትረግጥ አለው። የተቀደደውን ከጭቃ ላይ የለቀሙት አለቃ ተክለማርያም ናቸው። ቁራጮቹን ገጣጥመው ብዙ አዩዋቸውና «ደንብ አልጠበቀም» አሉ። ቆይተው ግን «ቢሆንም አልዋሸም» አሉ።

እሑድ ወይዘሮ ሙሉነሽ የጉግሳን እግር ይዛ ለመነችው። «ነገ አትውጣ። ምን እንዳለች አናውቅም።»

«ካልወጣሁ ጥፋተኛ ነኝ ማለት ነው» አላት ጉግሳ። «ደግሞ ልጆቹ ጨው የላቸውም።»

«እኔም አብሬ እወጣለሁ» አለ ገሪማ።

«ሁለታችሁንም በአንድ ቀን?» አለች እናቱ።  ስንቃቸውን ቋጠረች።

ሰኞ ጎህ ሳይቀድ ተነሡ። ገሪማ ከፊት፣ ጉግሳ ከኋላ፣ አህያዋ በመካከል። ወንዙን ተሻገሩ። ከሩቅ ዝግባው ሲታይ ገሪማ እርምጃውን አላሳጠረም፤ የሚተኮስ ከሆነ እሱ ይቀድማል ብሎ ቆርጦ ነበር። ዝግባው ሥር ሲደርሱ ከእንሰቱ ውስጥ ሦስት ጠመንጃ ያዥ ወጡ።

ከመካከላቸው ሽበት የወረረው ሰውዬ ጉግሳን አየና ራሱን ነቅነቅ አድርጎ እለፍ አለው። ጉግሳ አላለፈም፤ ቆመ። ሰውዬው ወደ ገሪማ ተጠጋ። አገጩን ይዞ ፊቱን ወደ ጎን አዞረው።  ከዚያ ቀስ አድርጎ ወደ ፊት መለሰውና ሁለቱን ዓይኖቹን ትክ ብሎ ተመለከታቸው።

«ወለላ ትናንት እዚህ መጥታ ስታለቅስ ዋለች» አለ። «ስትሄድ አንድ ቃል ተወችልን። ‹አንዷ ጠማማ ናት፤ ግን ሁለት ናቸው። ተዉት› አለች።»

መንገዱን ለቀቁላቸው።  አቋራጩን ይዘው በእንሰቱ መካከል ወጡ። ዋሻዋ ባዶዋን ነበረች፤ አፏ ላይ ያለው ሣር ተረጋግጦ ደርቋል። ገሪማ ፊቷ ቆመና ማለፍ አቃተው። ጉግሳ ከኋላው መጥቶ እንደ ልጅነቱ እጁን ያዘው።

«ቀስ በል» አለው፤ «ድንጋዩ ያዳልጣል።»